ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት የቀለም መርጫ ክፍል አሠራር

የቀለም መርጫ ክፍል፣ ማለትም ዕቃው ውስጡ ተቀምጦ ቀለም የሚረጭበት ፊቱ ክፍት የሆነ ሣጥን፣ የሚሠራ ሰው ከሣጥኑ በፊት የአየሩን መንገድ ማሰብ ይኖርበታል። ብዙ አናጺ ማራገቢያ ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይገጥምና በሩን ዘግቶ መርጨት ይጀምራል፤ ሆኖም የሚወጣውን ያህል አየር የሚገባበት በቂ ክፍተት ከሌለ የቀለሙ ጭጋግ እዚያው ይዞራል፣ በየስንጥቁ ተስቦ የሚገባውም አየር የመጋዝ ብናኝ እያመጣ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ያሳርፋል።

ለመሳቢያ፣ ለበርጩማና ለኪችን ካቢኔት መዝጊያ፣ ፊቱ 1 ሜትር ወርድና 80 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ክፍል ይበቃል። በዚህ ፊት አየሩ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል እንዲጓዝ በሰዓት 1,440 ሜትር ኩብ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ማራገቢያው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ማጣሪያና ቱቦ ሳይገጠምለት የተለካ ስለሆነ፣ ከ2,000 በላይ የሚለውን መምረጥ ይሻላል።

ግድግዳውን ከላሜራ መሥራት ይመረጣል፤ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ቢረክስም ይቀጣጠላል። ማጣሪያው ከኋላው ግድግዳ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ቢቆም አየሩ በመሃል ብቻ ሳይሆን በሙሉ ገጹ ይሳባል። ቱቦው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ሞተሩ ነው። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፣ በትንሽ ብልጭታም ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሞተሩ ከቱቦው ውጭ ተቀምጦ ክንፉን በቺንጋ ቢያዞር፣ ማብሪያ ማጥፊያውም ከክፍሉ ቢርቅ፣ አምፖሉም ከመስታወት ጀርባ ቢሆን ይገባል፤ ሞተሩ አየሩ መሃል የሚቀመጠው የወጥ ቤት ማራገቢያ ለዚህ አይሆንም። ላሜራውና የማራገቢያው አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይያያዙ።

የአየር መግቢያው ከክፍሉ ፊት ለፊት፣ ከቱቦው አፍ በእጅጉ የሰፋና በስፖንጅ ማጣሪያ የተሸፈነ ይሁን። ማራገቢያው ሲበራ ወደ ውጭ የሚከፈተው በር አልገፋ ካለ አየር አንሷል ማለት ነው። ቲነርም ሆነ ቀለም ወደ ቤቱ ሳይገባ እጣን አጭሶ አራቱን ማዕዘንና መሃሉን መፈተሽ ጥሩ ነው፦ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ማጣሪያው መሄድ አለበት፤ ታችኛው ማዕዘን ላይ ተጠምዝዞ ከተመለሰ የማጣሪያው ጠርዝ በደንብ አልታሸገም ወይም ጉልበቱ አንሷል።

የቱቦው መውጫ ከጣሪያ በላይ ከፍ ብሎ ከጎረቤት መስኮት ይራቅ። በየግቢያችን እንደሚታየው ከሥራ ቤቱ ደጃፍ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላትም በመርጫ ሰዓት አይፈቀድ።

ክፍሉ ማስክን አይተካም፤ የአቧራ ጨርቅ ሳይሆን የከሰል ካርትሪጅ ያለው ያስፈልጋል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትና አይሶሳያኔት የሚባል ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል ያለበት የመኪና ቀለም ግን በዚህ ክፍል ጨርሶ አይረጭ። የናይትሮሴሉሎስ ቫርኒሽ የጠጣ ማጣሪያ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ከዘይት ቀለም ቅሪት ጋር ሳይደባለቅ ውሃ ባለበት ክዳናም የብረት ዕቃ ውስጥ ተነክሮ ከቤቱ ውጭ ይቀመጥ።