በወረርሽኝ ወቅት የያዙትን የመርከብ ሽርሽር መሰረዝ ወይስ መጠበቅ? እንዴት እንደሚወስኑ

የመርከብ ሽርሽር ቦታ የሚያዘው ከጉዞው ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሙሉ ቀደም ብሎ ነው። በሽታ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም። ቀብድ ከፍለው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስደው ቀኑን ሲጠባበቁ ዜናው ሁሉ ስለ አንድ አዲስ ተላላፊ በሽታ ይሆናል፤ ዘመድ አዝማድም «አሁንም ትሄዳላችሁ እንዴ?» እያለ ይጠይቃል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚወስነው በዕለቱ በሰማው ነው፤ ወሬው በከፋበት ቀን ይሰርዛል፣ ጋብ ሲል ይጸጸታል። ገንዘብ በከንቱ የሚቀረውም በዚህ መንገድ ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ስለ በሽታው ከመነጋገር በፊት ከውሉና ከቀን መቁጠሪያው ይጀምራል፤ ቅደም ተከተሉን ባይቀይሩት ይመረጣል።

1. የቅጣቱን ቀኖች ይጻፉ

ቦታ ሲይዙ የተቀበሉትን ውል ያውጡ። ያኔ እንዳላነበቡት እገምታለሁ፤ የሚያነበው ሰው ጥቂት ነው። አሁን የሚፈልጉት ስለ ስረዛ የሚናገረውን ክፍል ነው። ቅጣቱ በእርከን ያድጋል። ቀሪው ሒሳብ ተጠቃልሎ እስከሚከፈልበት ቀን ድረስ የሚያጡት ቢበዛ ቀብዱን ነው፤ ይህ ቀን በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ መርከቡ ሊነሳ 90 ቀን ገደማ ሲቀረው ይውላል። ከዚያ በኋላ ቅጣቱ ወደ ዋጋው ግማሽ፣ ቀጥሎ ወደ ሦስት አራተኛ ይወጣል፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ሙሉው ገንዘብ ይቀራል። የእርስዎ ውል ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የሌላ ሰው ልምድ ላይ አይደገፉ። እያንዳንዱ እርከን የሚጀምርበትን ቀን ለይተው ይጻፉ፤ ቀኑ የሚቆጠረው በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነም ያጣሩ።

ቀብዱ ተመላሽ መሆኑንም ይመልከቱ። በቅናሽ የተሸጡ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ቀብዳቸው አይመለስም። በአንጻሩ የወደብ ክፍያና ግብር፣ አስቀድመው የገዙት የመጠጥ ጥቅል፣ የየወደቡ ጉብኝትና የአገልጋዮች ጉርሻ በመጨረሻው ሰዓት ቢሰርዙ እንኳ በአብዛኛው ይመለሳሉ። አውሮፕላኑና ሆቴሉ የየራሳቸው ውል ስላላቸው ለብቻ ይጻፏቸው።

2. መጀመሪያ የሚሰርዘው ማን እንደሚሆን ያስቡ

ከሁሉም በላይ ገንዘብዎን የሚወስነው ይህ ነው። እርስዎ ሲሰርዙ ቅጣቱ የእርስዎ ነው። ኩባንያው ሲሰርዝ ግን ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ በአብዛኛው እሱ ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020 የሆነውን ያስታውሱ፦ የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 11 ቀን ኮቪድ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ታላላቆቹ የመርከብ ኩባንያዎች ከአሜሪካ ወደቦች የሚነሱ ጉዞዎችን እንደሚያቆሙ ተናገሩ፤ መጋቢት 14 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል መርከቦቹ እንዳይነሱ የሚያግደውን ትዕዛዝ አወጣ። በዚያው ሳምንት መጀመሪያ ላይ በድንጋጤ የሰረዙ ሰዎች እጅ የገባው በአብዛኛው ከቅጣት የተረፈው ገንዘብ ወይም ለሌላ ጊዜ የሚያገለግል ክሬዲት ነበር። ጥቂት ቀን የጠበቁት ሙሉ ገንዘባቸውን የመጠየቅ ዕድል አገኙ።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው። በሁለት እርከኖች መካከል ባሉት ቀናት መጠበቅ ምንም አያስከፍልም። ዛሬ ቢሰርዙም ከአሥር ቀን በኋላ ቢሰርዙም ቅጣቱ አንድ ከሆነ፣ ዛሬ የሚሰርዙበት ምክንያት የለም፤ በአሥሩ ቀን ውስጥ ኩባንያው ራሱ ሊሰርዝ ወይም የስረዛ ደንቡን ሊያላላ ይችላል። ውሳኔው መሰጠት ያለበት ቀጣዩ እርከን ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ቀናት ውስጥ ነው። ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይሙሉ፤ እስከዚያው ድረስ ግን ጉዳዩን ይተዉት።

አንድ ቀን ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይከብዳል፤ ቀሪው ሒሳብ የሚከፈልበት ቀን። ብዙዎች እንደ ተራ ክፍያ ያዩታል፤ ከባንክ ሒሳባቸው በራሱ እንዲቆረጥ የሚፈቅዱም አሉ። ከዚያ ቀን በፊት አደጋ ላይ ያለው ቀብዱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉው ዋጋ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ልብዎ ካላረፈ ክፍያው እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ። በችግር ጊዜ ኩባንያዎች ከሚታሰበው በላይ ይስማማሉ፤ ባዶ ክፍል ይዘው መሄድ አይፈልጉምና።

ሕጉም ይጠቅማል። በአውሮፓ ኅብረትና በእንግሊዝ የጥቅል ጉዞ ሕግ (መጓጓዣና ማረፊያ በአንድ ላይ ተጣምረው የሚሸጡበትን ጉዞ የሚመለከተው ሕግ) መሠረት በመዳረሻው ወይም በአቅራቢያው ሊወገድ የማይችል ልዩ ሁኔታ ተፈጥሮ ጉዞውን በእጅጉ የሚነካ ከሆነ፣ ተጓዡ ያለ ቅጣት ሊሰርዝ ይችላል፤ ገንዘቡም በ14 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ፍርሃት ብቻውን አይበቃም፤ መንግሥት ወደዚያ ስፍራ እንዳይጓዙ የሰጠው ማሳሰቢያ ካለ ግን ክርክርዎ ይጠነክራል። በአሜሪካ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ከአገሪቱ ወደቦች የሚነሳ ጉዞ ከተሰረዘ፣ ወይም ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ተሳፋሪው መሄዱን ከተወው፣ ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አለው።

3. በሽታው ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

«በመርከቡ ላይ በሽታ ገብቷል» የሚለው ዜና ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። በመዝናኛ መርከቦች ላይ ደጋግሞ የሚነሳው ኖሮ ቫይረስ ነው። ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፣ በፍጥነት ይዛመታል፣ በአብዛኛው ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል። የአሜሪካው ማዕከል እንዲህ ያለውን ወረርሽኝ በይፋ የሚዘግበው ከተሳፋሪዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት መታመማቸው ሲመዘገብ ነው፤ ስለዚህ ዜናው አስደንጋጭ ቢመስልም አብዛኛው ሰው ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መከላከያው እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ነው፤ በየበሩ የሚቀመጠው የአልኮል ማጽጃ ለዚህ ቫይረስ እምብዛም አይረዳም። ጤናማ ለሆነ ጎልማሳ ይህ ለመሰረዝ የሚያበቃ ምክንያት አይመስለኝም። ለአረጋዊ፣ ለሕፃን ወይም ለኩላሊት ሕመምተኛ ግን የሰውነት ፈሳሽ ማጣት አደገኛ ስለሆነ ሐኪም ይጠየቅ።

ምልክት ሳያሳይ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ዳይመንድ ፕሪንሰስ በተባለችው መርከብ ላይ ከነበሩት 3,711 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ከ700 በላይ የሚሆኑት በኮቪድ ተይዘዋል። ጠባብ መተላለፊያዎች፣ የጋራ መመገቢያ አዳራሾች፣ አብረው የሚያድሩ ሠራተኞች ሲደመሩ መርከብ ለእንዲህ ያለ በሽታ የተመቸ ስፍራ ይሆናል።

መረጃውን ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከአገርዎ የጤና ሚኒስቴርና መርከቡ ከሚቆምባቸው አገሮች የጤና ባለሥልጣናት ይውሰዱ። ትኬቱን የሸጠልዎትን ሰው «አደጋ አለው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ኮሚሽኑ በጉዞዎ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው።

4. ተጨማሪ 14 ቀን መቆየት ይችሉ እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ

ብዙ ሰው «ብታመምስ?» ብሎ ይጠይቃል፤ «ባልታመምስ፣ ግን መውረድ ብከለከል?» የሚለውን የሚያስበው ጥቂት ነው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ በጃፓኗ ዮኮሃማ ወደብ ከየካቲት 5 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በለይቶ ማቆያ ስትያዝ መስኮት በሌላቸው ክፍሎች የነበሩ ተሳፋሪዎች ጭምር ለሁለት ሳምንት ያህል ከክፍላቸው የሚወጡት ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይዘውት የመጡት መድኃኒት ያለቀባቸውም ነበሩ። ዌስተርዳም የተባለችውን ሌላ መርከብ በዚያው ወር የተለያዩ ወደቦች በሽታውን ፈርተው ከመለሷት በኋላ የተቀበለቻት ካምቦዲያ ናት። ዛንዳም የተባለችው መርከብ ደግሞ በመጋቢት ጉዞዋን በቺሊ ልትጨርስ ሲገባ ወደቦች ተዘጉባት፤ አራት ተሳፋሪዎች ሞተውባት በፓናማ ቦይ አልፋ ሚያዝያ 2 ቀን ፍሎሪዳ ደረሰች።

ስለዚህ እነዚህን በሐቀኝነት ይመልሱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ተጨማሪ መያዝ ይችላሉ? ቤት ትተዋቸው የሚሄዱትን ልጆች ወይም ታማሚ ወላጅ ማን ይጠብቃል? አሠሪዎ ይታገሣል? ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ፣ ወይም መርከቡ ቪዛ በሌለዎት አገር ወደብ እንዲያወርድዎት ቢገደድ ምን ያደርጋሉ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ የፓስፖርታቸው አቅም ውስን ለሆነ መንገደኞች ከሁሉም የከበደ ነው፤ ብሮሹሮቹ ግን ስለዚህ አያወሩም።

የመርከቡ ክሊኒክም ሆስፒታል አይደለም። ሐኪምና ነርሶች፣ ለአስቸኳይ ጊዜ የሚሆኑ መሣሪያዎችም አሉት፤ በአንድ ጊዜ በጠና የታመሙ ብዙ ሰዎችን ማስተናገድ ግን አይችልም። ሕክምናው በክፍያ ነው። የልብ፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ ዕድሜዎም ከገፋ፣ ለዚህ ጥያቄ የራስዎ ሐኪም መልስ ከእኔም ከማንም ይበልጣል። ሐኪሙ «አይሂዱ» ካለዎት በጽሑፍ ያስፍርልዎት፤ ለሚቀጥለው ደረጃ ያስፈልጋል።

5. ኢንሹራንሱን ያንብቡ

የጉዞ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ሲገዙት ያልታወቀ ነገር ሲደርስ ነው። ወረርሽኙ በይፋ ከታወቀ በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ በዚያው ወረርሽኝ ምክንያት ለሚመጣ ስረዛ ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ሌላው ወጥመድ ደግሞ ፍርሃት ነው፤ «መሄድ ፈራሁ» የሚለው በተለመደው ውል ውስጥ የካሳ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ወይም የቅርብ ዘመድ ታሞ ሐኪም ጉዞውን ሲከለክል ግን ብዙ ውሎች ይሸፍናሉ።

በአንዳንድ አገሮች በማንኛውም ምክንያት ለመሰረዝ የሚያስችል ተጨማሪ ሽፋን ይሸጣል። ዋጋው ውድ ነው፤ የሚመልሰውም በአብዛኛው ከ50 እስከ 75 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈጸሙ በኋላ ባሉት ሁለት ወይም ሦስት ሳምንታት ውስጥ መግዛትን፣ ከመነሻውም ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድሞ መሰረዝን ይጠይቃል። ለመሄድ ከወሰኑ ደግሞ ታማሚን ከባሕር ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝ ወጪ መሸፈኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ወጪ ከሽርሽሩ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

6. ስሌቱን ይሥሩ

ጉዞው 3,000 ዶላር ነው እንበል፤ የዛሬው ቅጣት 25 በመቶ ነው። 750 ዶላሩ ሄዷል፤ ቢሄዱም ቢቀሩም አይመለስም፤ ከሒሳቡ ያውጡት። የቀረው 2,250 ዶላር ነው። አሁን ይህ ገንዘብ በእጅዎ ቢኖር፣ ዛሬ የሚያውቁትን እያወቁ፣ ይህንኑ ጉዞ በ2,250 ዶላር ይገዙ ነበር? መልሱ «አልገዛም» ከሆነ ይሰርዙ። ሰው በጥሩ ቀን የከፈለውን ገንዘብ እያሰበ በመጥፎ ቀን ይሳፈራል፤ ይህ ጥያቄ ከዚያ ያድናል።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ መልሱን ለየብቻ ጽፋችሁ አወዳድሩ። አንዳችሁ ብቻ ከሰረዛችሁ ግን ይጠንቀቁ፦ የክፍሉ ዋጋ ለሁለት ሰው የተሰላ በመሆኑ፣ የሚቀረው ሰው ብቻውን ለመያዙ ተጨማሪ ሊጠየቅ ይችላል።

7. «ሰርዙልኝ» ከማለትዎ በፊት ሌላ ምርጫ ይጠይቁ

መጀመሪያ ቀኑን መቀየር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ስረዛው ከተመዘገበ በኋላ መመለስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ክሬዲት ከቀረበልዎት ለእርስዎ ከሚጠቅመው ይልቅ ለኩባንያው የሚጠቅመው እንደሚበልጥ ይወቁ። በ2020 ኩባንያዎች ራሳቸው ለሰረዟቸው ጉዞዎች ከተከፈለው 125 በመቶ የሚያህል ክሬዲት ያቀረቡት በቸርነት ሳይሆን ጥሬ ገንዘቡን ለማቆየት ነው። ክሩዝ ኤንድ ማሪታይም ቮዬጅስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ሥራውን አቁሟል፤ ከሥራ የወጣ ኩባንያ ክሬዲት ደግሞ ባዶ ወረቀት ነው። እኔ ብጠየቅ፣ በእርግጥ እንደገና የሚሄዱና ኩባንያው በጽኑ መሠረት ላይ ያለ ካልሆነ በስተቀር ገንዘቡን ይምረጡ እላለሁ። ክሬዲቱን ከወሰዱ የሚያበቃበትን ቀንና ለሌላ ሰው መተላለፍ አለመተላለፉን ይጠይቁ።

8. ሲሰርዙ በጽሑፍ ይሰርዙ

ቦታውን በወኪል በኩል ከያዙ ስረዛውም በእሱ በኩል ይሂድ፤ ኩባንያው በቀጥታ ላያነጋግርዎት ይችላል። በስልክ ቢነጋገሩም በኢሜይል ያረጋግጡ፤ የስረዛ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ያለበት ማረጋገጫ ሳይደርስዎት ጉዳዩ አልቋል አይበሉ። አውሮፕላኑንና ሆቴሉን ከዚያ በኋላ ይሰርዙ። የተመለሰው ገንዘብ ሲገባ በደረጃ 1 ከጻፉት ጋር በየዘርፉ ያመሳክሩ፤ በቀላሉ የሚዘለሉት የወደብ ክፍያው፣ ግብሩና አስቀድመው የገዟቸው ጉብኝቶች ናቸው። በካርድ የከፈሉ ከሆነና ገንዘቡ ከዘገየ ባንክዎ ክርክር ለማቅረብ የሚሰጠውን የጊዜ ገደብ ይጠይቁ፤ ኩባንያው «በሚቀጥለው ወር» እያለ ሲያጓትት ገደቡ ሊያልፍ ይችላል።