የምግብ ማሸጊያ ሲሸውደን እንዴት እንነቃበታለን?

በአሜሪካም በአውሮፓም በምግብ ማሸጊያ የተነሳ ክስ በርክቷል። የብዙዎቹ መነሻ ያው ነው፤ የማሸጊያው ፊትና ጀርባ የሚሉት አይገጥምም። ዳኞች ጉዳዩን የሚያዩበትን መንገድ ማወቅ ዕቃ ስንገዛም ይጠቅመናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ፊቱን ብቻ ተመልከቱ። ገና አትገልብጡት። ውስጡ ምን ያለ ይመስላችኋል? የአሜሪካ ዳኞችም የሚነሱት ከዚሁ ነው፤ መለኪያቸው አንድ ተራ፣ አስተዋይ ሸማች የሚረዳው ነገር ነው። የዋህነትም ግን ልክ አለው። «ክራንች ቤሪ» በሚባል የቁርስ ሲሪያል ውስጥ እውነተኛ ፍሬ ያለ መስሎኝ ነበር ያለች ከሳሽ በ2009 ክሷ ውድቅ ሆኗል። እንዲህ የሚባል ፍሬ የትም አይበቅልማ!

አሁን ገልብጡትና የግብዓቶቹን ዝርዝር አንብቡ። ዝርዝሩ በክብደት ቅደም ተከተል ነው የሚጻፈው፤ በብዛት የገባው ከላይ ይመጣል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኮካ ኮላ በሚኒት ሜይድ ስም «ሮማን ብሉቤሪ» ብሎ በትልቁ ጽፎ የሸጠው ጭማቂ ሮማኑ 0.3 በመቶ፣ ብሉቤሪው 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። 99.4 በመቶው የአፕልና የወይን ጭማቂ ነው። የሮማን ጭማቂ የሚሸጠው ተፎካካሪው ፖም ወንደርፉል ከሰሰ። የመንግሥትን የሌብል ደንብ ማሟላት ከተፎካካሪ ክስ እንደማያድን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ወሰነ። የሚገርመው፣ በ2016 ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፈራጆች ቡድን) ለኮካ ኮላ ፈረደ።

ቀጥሎ ይህን ጠይቁ፦ ፊቱ በግልጽ ያሳስታል ወይስ የሚያሻማ ነው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። በ2008 በሕፃናት ምግብ አምራቹ ገርበር ላይ በቀረበው ክስ የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ፊቱ ካሳሳተ ሸማቹ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን እንዲፈልግ አይጠበቅበትም አለ። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። ክስ የቀረበበት የሻይ ማሸጊያ የራስበሪና የቫኒላ ሥዕል አለው፤ ውስጡ ግን ሁለቱም የሉም። ዝርዝሩ ትክክል መሆኑ ብቻ ሥዕሉን ከስህተት አያድነውም። ፊቱ የሚያሻማ ብቻ ከሆነ ግን፣ ያው የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 እንዳለው፣ ጀርባውም አብሮ ይታያል።

«ተፈጥሯዊ» የሚለውን ቃል ብዙ አትመኑት። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እስካሁን በይፋ በወጣ ደንብ ትርጉም አልሰጠውም። ለዚህ ነው ክስ የሚበዛበት።

በካርቶኑ ትልቅነትም አትሸወዱ። በአሜሪካ ደንብ፣ ውስጡ በማይታይ ማሸጊያ ያለ በቂ ምክንያት የተተወ ባዶ ቦታ እንደ ማታለል ይቆጠራል። ምግቡ በጉዞ ሲረጋ የሚፈጠረው ክፍተት ወይም ምግቡ እንዳይሰባበር የተተወው ይፈቀዳል፤ ቺፕስን አስቡ። ስለዚህ ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ የተጣራውን ክብደት እዩና የ100 ግራሙን ዋጋ አስሉ።

ተሸወድኩ ካላችሁ ማሸጊያውን አትጣሉት። በሁሉም ጎን ፎቶ አንሱት፣ የምርት መለያ ቁጥሩም ይታይ። ደረሰኙንም አስቀምጡ። አቤቱታው ለአምራቹም ሆነ ለሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።