ኮርሱን ጀመርኩ፣ ኮዱ ግን እምቢ አለኝ፦ የዌብ ጀማሪዎች ችግርና መፍትሄ

በሐምሌ 2016 ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም የገባችሁም ሆናችሁ ፍሪኮድካምፕ የተባለውን ነጻ የኮዲንግ መማሪያ ድረ ገጽ ለብቻችሁ የጀመራችሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈተና አንድ ዓይነት ነው። እኔ እንደማየው ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። ፋይሉ በተሳሳተ ስም ተቀምጦ ወይም ኪቦርዱ ሳይቀየር ቀርቶ፣ «ለዚህ የሚሆን ጭንቅላት የለኝም» ብሎ ይተወዋል። በጣም ያሳዝናል፤ አብዛኛው በሁለት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው።

ብራውዘሩ ገጹን ትቶ ኮዱን ያሳያል

ርዕስና አንቀጽ ስትጠብቁ የጻፋችሁት ታግ (በ«<» እና «>» መካከል ያለው የኤችቲኤምኤል፣ ማለትም የገጽ መሥሪያ ቋንቋ፣ ምልክት) እንዳለ ይደረደራል። ኖትፓድ ላይ ከጻፋችሁ ፋይሉን እንደ ተራ ጽሑፍ ቆጥሮ መጨረሻው ላይ «.ቲኤክስቲ» (.txt) ቀጥሎበታል። ዊንዶውስ ደግሞ የፋይል ጭራ ስለሚደብቅ አይታያችሁም። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው» በሉ፤ ዊንዶውስ 11 ከሆነ ቀጥሎ «ሾው» አለ። «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ላይ ምልክት ስታደርጉ ትርፉ ጭራ ብቅ ይላል፤ ሰርዙት።

ከዚያ በኋላ ግን ኖትፓድን ተዉና ቪኤስ ኮድ የተባለውን ኤዲተር (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ጫኑ፣ ነጻ ነው። አስተማሪው አተም በሚባለው ኤዲተር ሲሠራ ካያችሁ ግራ አትጋቡ። አተም በዲሴምበር 2022 ተዘግቷል፣ ቪዲዮው የቆየ ነው። መሠረታዊው ኤችቲኤምኤል ግን ያው ነው።

አማርኛው የማይነበብ ሆነ

ይህ የኛው ችግር ስለሆነ የውጭ አስተማሪዎች አይነግሯችሁም። «ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ ገጹ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» ከማይነበቡ ምልክቶች ጋር እየተደጋገመች ትወጣለች። ጽሑፋችሁ አልጠፋም። ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 የሚባል ዘዴ አለ፤ በእሱ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ብራውዘሩ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን ካልተነገረው እያንዳንዱን ባይት ለየብቻ እንደ ላቲን ምልክት ያነበዋል። ፊደሎቻችን ሁሉ በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምሩ ነው ያቺው «ኤ» የምትመላለሰው።

መፍትሄው «ሄድ» በሚባለው የገጹ የላይኛ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በፊት ቻርሴቱን (የፊደል አጻጻፍ ዘዴውን) ዩቲኤፍ-8 የሚያደርገውን የሜታ መስመር፣ <meta charset="UTF-8">፣ ማስገባት ነው። ቪኤስ ኮድ ውስጥ ባዶ የኤችቲኤምኤል ፋይል ላይ ቃለ አጋኖ (!) ጽፋችሁ ታብ ብትጫኑ መስመሩን ጨምሮ የገጹ አጽም በሙሉ ይመጣላችኋል።

ይህን አድርጋችሁም ካልተስተካከለ፣ ጽሑፉን ከየት እንደቀዳችሁት አስታውሱ። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የወርድ ሰነድ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው የአማርኛ መልክ የለበሰ የላቲን ፊደል ነው። ፎንቱ ሲነሳ ይጋለጣል። እንደገና ከመጻፍ ወይም ወደ ዩኒኮድ ከመቀየር ሌላ መንገድ የለውም።

ሲኤስኤሱ ንቅንቅ አይልም

ሲኤስኤስ የገጹን ቀለምና መልክ የምንወስንበት ቋንቋ ነው። ለውጡ ካልታየ መጀመሪያ ቪኤስ ኮድ ውስጥ ከላይ የፋይሉን ታብ እዩ። ነጭ ነጥብ ካለበት ሴቭ አላደረጋችሁም። ካደረጋችሁ ደግሞ ኮንትሮል፣ ሺፍትና «አር»ን አንድ ላይ ተጭናችሁ ገጹን እንደ አዲስ ጫኑ፤ ብራውዘሩ የድሮውን ፋይል ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱም ካልሆነ ኪቦርዱን ጠርጥሩ። አማርኛ ጽፋችሁ ወደ እንግሊዝኛ ሳትመለሱ ከቀጠላችሁ፣ በ«;» ፈንታ «፤» ትገባለች። ለኛ ሁለቱም ድርብ ሰረዝ ናቸው፤ ለሲኤስኤስ ግን «፤» ምንም አትዘጋም። የቀለሙን መስመር በ«፤» ብትጨርሱት፣ ብራውዘሩ ከታች ያለውን የፎንት መጠንም ከዚያው ጋር ደርቦ አንብቦ ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ሰው ታዲያ ምንም ያላጠፋውን የታችኛውን መስመር እየጻፈ እየሰረዘ ይውላል። ሁለት ተከታታይ መስመር አብሮ ካልሠራ የላይኛውን መጨረሻ እዩ። ዊንዶውስ ላይ ኪቦርድ የሚቀየረው የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ስፔስን አብሮ በመጫን ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ይሠራል፣ ጊትሀብ ፔጅስ ላይ ምስሉ ጠፋ

ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ካፒታልና ትንሹን ፊደል አይለይም። ገጻችሁን ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣላችሁ ጊትሀብ ፔጅስ ግን ይለያል፤ ኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት ስም ከፋይሉ ስም በአንድ ካፒታል ቢለይ ምስሉን አያገኘውም። ሁሉንም ስም በትንሹ ጻፉ፣ ክፍት ቦታ አትተዉ።

በተኑን ብጫነው ዝም

ብራውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭናችሁ ኮንሶል (ስህተት የሚነገርበትን መስኮት) ክፈቱ። ቀዩ መልዕክት ውስጥ «ነል» (null) የሚል ቃል ካለ፣ ምናልባት ስክሪፕቱ (በተኑን የሚያሠራው የጃቫስክሪፕት ኮድ) በተኑ ገና ሳይፈጠር ቀድሞ ፈልጎት አጥቶታል። የስክሪፕት ታጉ ላይ «ዲፈር» (defer) ጨምሩ፤ ስክሪፕቱ ገጹ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ካልሆነ የበተኑ መለያ (አይዲ) በኤችቲኤምኤሉም በስክሪፕቱም ፋይል አንድ ዓይነት መጻፉን አረጋግጡ። ቀይ ሲያዩ መስኮቱን መዝጋት ትልቅ ጉዳት ነው፤ መልዕክቱ እኮ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ሳይቀር ይነግራችኋል።

ቪዲዮውን ሳይ ይገባኛል፣ ባዶ ፋይል ላይ ግን እጄ አይሄድም

መከተልና መሥራት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። አጭር ክፍል ካያችሁ በኋላ ቪዲዮውን ዘግታችሁ ያንኑ ከጭንቅላታችሁ ጻፉት። ሲጠፋባችሁ ያቺን ቦታ ብቻ ተመልሳችሁ እዩ። ከዚያ አንድ ነገር ቀይሩበት፤ የአስተማሪውን የፒዛ ሜኑ የሰፈራችሁ ቁርስ ቤት ሜኑ አድርጉት። ፓኬጅ ቶሎ የሚያልቅባችሁም በዚህ ትጠቀማላችሁ፣ ብዙው ሥራ ያለ ኢንተርኔት ነውና።

ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ፣ ማንም አልመለሰም

«ኮዴ አይሠራም፣ እርዱኝ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በስልክ የተነሳ የስክሪን ፎቶ ልካችሁ ከሆነ፣ መርዳት የሚፈልግ ሰውም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ኮዱን ራሱን ኮፒ አድርጋችሁ ላኩ። የኮንሶሉን ቀይ መልዕክት ሳታሳጥሩ ጨምሩበት። ምን ጠብቃችሁ ምን እንደወጣና እስካሁን ምን እንደሞከራችሁ በአንድ ሁለት መስመር ጻፉ።