ለፕሮጀክት መኪና ዳሽቦርድ በቤት ውስጥ መሥራት፦ ሲፈለግ የሚወጣ አድርጋችሁ ሥሩት

ለፕሮጀክት መኪና፣ ማለትም በእጃችሁ እያደሳችሁ ላላችሁት መኪና፣ ቤት ውስጥ የተሠራ ዳሽቦርድ አንዴ ተገጥሞ የሚቀር ነገር አይደለም። አንዱ ጌጅ (መለኪያ) እምቢ ይላል፣ ሽቦ ይላላል፣ የማሞቂያው ቱቦ ያፈሳል፤ ያኔ መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመልኩ በፊት አወጣጡን አስቡ። ስድስት ብሎን ፈትታችሁ፣ ሁለት ሶኬት ነቅላችሁ እጃችሁ ላይ ካልወጣ ገና አላለቀም።

አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ሥራውን ጽፋችሁ ለጥፉ፣ ፎቶም አንሱ። ከሥር የመሪውን ዘንግ የተሸከመ አግዳሚ ብረት አለ፤ ለጌጅ ቦታ አነሰኝ ብላችሁ እሱን እንዳትቆርጡት። ኤርባግ ያለበትንም ክፍል በምንም አትሸፍኑ፤ ሲፈነዳ ከላዩ ያገኘውን ጠንካራ ነገር ሰው ላይ ይወረውረዋል።

ቅርጹን መጀመሪያ በወፍራም ካርቶን አውጡ። ካርቶኑን በቴፕ ቦታው ላይ ያዙትና ወንበሩን በምትነዱበት ልክ አስተካክላችሁ ተቀመጡ፤ መሪው የሚጋርደው የት እንደሆነ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የዘይት ግፊትና የሙቀት ጌጅ በመሪው ቀለበት ውስጥ ይታዩ፤ የነዳጁ ወደ መሃል ቢሄድ አይጎዳም። የውድድር መኪና ሠሪዎች ጌጁን አዙረው ያስሩታል፣ ጤናማው ልክ ላይ መርፌው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም። ቁጥሩ ተንጋዶ ይታያል፣ ግን መርፌው ሲዘም በጨረፍታ ይለያል።

ትንንሾቹ ጌጆች አብዛኛውን ጊዜ 52 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የፍጥነትና የሞተር ዙር መቁጠሪያዎቹ 80 ወይም 86። ቢሆንም ጌጁን ገዝታችሁ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን አንገቱን በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሳትለኩ ቀዳዳ አትብሱ። ከኋላ ከነሶኬቱ እስከ 100 ሚሊ ሜትር ሊፈልግ ይችላል፤ የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ ሲዞር እንዳይነካውም እዩ።

ጌጆቹን የሚሸከመው ጠፍጣፋ ፊት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ይሁን። ድሪል ላይ በሚገጠም ክብ መጋዝ፣ ከሥር እንጨት አስደግፋችሁ፣ በዝግታ ብሱት፤ ጠርዙን በሞረድ አስተካክሉ።

ክብ ቅርጽ ያለው ክፍል በፎም ተቀርጾ በፋይበርግላስ ይለበጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ነጩ የማሸጊያ ስታይሮፎም ፖሊስተር ሬዚን (ፋይበርግላሱ የሚነከርበት፣ ደርቆ የሚጠነክር ፈሳሽ) ሲነካው ይቀልጣል። ወይ ፖሊዩሬቴን ፎም ተጠቀሙ፣ ወይ ሬዚኑን ኢፖክሲ አድርጉት። በካሬ ሜትር 450 ግራም የሚመዝነው የመስታወት ምንጣፍ (የፋይበርግላሱ ጨርቅ) ሦስት ድርብ ሲሆን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣዋል፤ ለዳሽቦርድ ይበቃል። ለ500 ግራም ፖሊስተር ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም ማድረቂያ ይገባል። ከበዛ ግሎ ይሰነጠቃል፣ ካነሰ ለቀናት ይጣበቃል። ቶሎ ስለሚረጋ በትንሽ በትንሹ በጥብጡ። የአቧራ ማስክ ትነቱን አይከለክልም፤ ካርቦን ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ማድረቂያው ዓይን ስለሚጎዳ መነጽር አድርጉ። ፖሊስተር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅርፊቱ በመጨረሻ መያዣዎቹ ላይ በብሎን እንደታሰረ ካልደረቀ ይጣመምና ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም።

አሁን ሽቦው። ለጌጆቹ ብቻ የሚሆን 5 አምፔር ፊውዝ ከቁልፍ በኋላ ከሚመጣው መስመር አውጡ፣ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። የሁሉንም ማሳ (ኔጌቲቭ ሽቦ) ሰብስባችሁ ቀለሙ እስከ ብረቱ በተፋቀ አንድ ብሎን ላይ እሰሩ። የፊት መብራት ስታበሩ የሙቀት መርፌው ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ ማሳውን ጠርጥሩ፣ ሞተሩን አይደለም። ሽቦው ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ተዉ፤ ያለዚያ ሶኬቱን ለመንቀል እጅ አይገባም።

የነዳጅ ጌጅ ከታንኩ ሴንሰር ጋር በኦም (በኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ካልተስማማ ውሸት ያነባል። ከ240 እስከ 33፣ ከ10 እስከ 180፣ ከ0 እስከ 90 የሚሉ አሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ባዶ፣ ሁለተኛው ሙሉ ማለት ነው። የሴንሰሩን ተንሳፋፊ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ በመልቲሜትር ለኩና በዚያ ልክ ጌጅ ግዙ።

አምፔር ሜትር ይቅር፤ የመኪናውን ዋና ጅረት ዳሽቦርድ ድረስ ይጎትታል። ቮልት ሜትር ይበቃል፦ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ፣ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4። የባትሪ ማስጠንቀቂያ አምፖሉን በኤልኢዲ ከቀየራችሁ ብዙ ዲናሞዎች መሙላት አይጀምሩም፣ የሚያስነሳቸው በዚያ አምፖል የሚያልፈው ጅረት ስለሆነ። ከኤልኢዲው ጎን ለጎን 47 ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር እሰሩ።

ሳይለበስ ገጥማችሁ ለጥቂት ቀናት ንዱት፣ የሚንኳኳ ካለ ይሰማል። ከዚያ ቪኒል ይለበሳል። ሙጫው ሙቀት የሚችል ይሁን፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ተራው ማስቲሽ ይለቃል። ሁለቱንም ገጽ ቀቡ፣ እጅ ላይ መጣበቅ ሲያቆም አገናኙ። ጌጅ ቀዳዳ ውስጥ ቪኒሉን አትጠፉት፤ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቪኒል ቀዳዳውን በ2 ሚሊ ሜትር ያጠበዋል። ጠርዙ ላይ ቁረጡት፣ የጌጁ ክፈፍ ይሸፍነዋል። የላይኛው ገጽ የማያብረቀርቅ ጥቁር ይሁን፤ ቢያምርም የሚያብለጨልጨው ቀን ቀን የፊት መስታወቱ ላይ እየተንጸባረቀ መንገዱን ይጋርዳል።