ሊኑክስን ከፍላሽ ስናስነሳ የሚገጥሙ ችግሮች፦ ምክንያታቸውና መፍትሄያቸው

ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ሳትነኩ ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም) ከፍላሽ ወይም ከውጭ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ማስነሳት ይቻላል። እምቢ ካለ፣ የት ላይ እንደቆመ ተመልከቱ። ምክንያቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ፍላሹ ተሰክቶ እያለ ቀጥታ ዊንዶውስ ይከፈታል

በመጀመሪያ የፍላሹን አዘገጃጀት እጠረጥራለሁ። የአይኤስኦ ፋይሉን (ሊኑክሱ የሚወርድበትን ፋይል) እንደማንኛውም ፋይል ኮፒ ማድረግ አይበቃም። እንደ ሩፈስ ወይም ባሌና ኤቸር ባለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ይህ ሲደረግ ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የምትፈልጉትን ቀድማችሁ አውጡ። ፍላሹ ደህና ከሆነ ላፕቶፑን እንዳበራችሁ ከየት እንደሚነሳ የሚመረጥበትን ቡት ሜኑ ክፈቱ። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9 ነው።

ሴኪዩር ቡት ይከለክላል

ሴኪዩር ቡት የታመነ ፊርማ የሌለው ማስነሻ (ሲስተሙን የሚያስነሳ ፕሮግራም) እንዳይሠራ የሚያግድ መከላከያ ነው። ኡቡንቱና ፌዶራ የሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ፊርማ ያለው ማስነሻ ስላላቸው ብዙውን ጊዜ ያልፋሉ። ፊርማ የሌላቸው ግን ሴኪዩር ቡት ከባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ከሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ) እስኪጠፋ አይነሱም። ለማጥፋት ግን አትቸኩሉ! ዊንዶውሳችሁ በቢትሎከር (ዲስኩን በሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ከተቆለፈ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ባለቤቱ ሳያውቀው ተቆልፎ የሚገኝ ላፕቶፕ ብዙ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ቁልፉን ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት። ባዮስ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው።

ሪስታርት ሲደረግ የሠራችሁት ሁሉ ይጠፋል

ፍላሹ አልተበላሸም። በላይቭ ሁኔታ (ሊኑክሱ ሳይጫን ቀጥታ ከፍላሹ ሲሠራ) ለውጦቻችሁ የሚቀመጡት ራም ላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ለኡቡንቱ፣ ሩፈስ ፍላሹን ሲያዘጋጅ ለውጦች የሚቀመጡበትን ቦታ እንዲመድብ ማድረግ ይቻላል። ለዘለቄታው ግን እኔ የምመክረው ሊኑክሱን ሌላ ፍላሽ ወይም ኤስኤስዲ ላይ ሙሉ በሙሉ መጫን ነው።

ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስም አይነሳም

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ግረብ (የሊኑክሱ ማስነሻ ስም) የሚል ጽሑፍ ይመጣል፣ ሌላ ነገር የለም። አይዟችሁ፣ ዊንዶውሱ በቦታው አለ። የሆነው ይህ ነው፦ ሊኑክሱ ውጭ ሲጫን ማስነሻው ግን ውስጠኛው ዲስክ ላይ፣ ማስነሻዎች የሚቀመጡበት ኢኤፍአይ የሚባለው ክፍል ውስጥ ገብቷል። ፍላሹ ሲነቀል ማስነሻው የቀሩትን ፋይሎቹን ያጣቸዋል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን የመጀመሪያ አድርጉት፤ ዊንዶውስ ይመለሳል።

ያው ፍላሽ ሌላ ላፕቶፕ ላይ እምቢ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የራሱ ማስነሻ የለውም። ሲጫን ማስነሻው ውጭ ይቀመጥ ብሎ መምረጥ ብቻውን አያስተማምንም። የቆየው የኡቡንቱ ኢንስታለር ምርጫውን ትቶ ውስጠኛው ዲስክ ላይ ይጽፍ ነበር። አስተማማኙ መንገድ፣ ባዮሱ የሚፈቅድ ከሆነ ከመጫን በፊት ውስጠኛው ዲስክ ለጊዜው እንዳይሠራ ከባዮሱ ማድረግ ነው፤ ዳታውን መሰረዝ ማለት አይደለም። ካልፈቀደ ዲስኩን መንቀል ይቻላል። ያኔ ኢንስታለሩ ከውጩ ዲስክ በቀር የሚጽፍበት ቦታ አይኖረውም።

በጣም ይንቀራፈፋል

ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ 3.0 ደግሞ 5 ጊጋቢት ነው፤ ስለዚህ የሰካችሁበትን ቀዳዳ እዩ። ቀዳዳው ትክክል ሆኖ ካልፈጠነ ችግሩ ፍላሹ ራሱ ነው። ተራ ፍላሽ ትንንሽ ፋይሎችን ቶሎ ቶሎ መጻፍ ይከብደዋል። የውጭ ኤስኤስዲ ይገላግላችኋል።

የዊንዶውሱ ዲስክ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም

ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ (ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ) በርቶ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሊኑክስም ዳታው እንዳይበላሽ ብሎ መጻፍ ይከለክላል። ሺፍትን ተጭናችሁ ሸት ዳውን በሉት፣ ከዚያ ወደ ሊኑክስ ተመለሱ።