የስንዴ ዋግን በጊዜ ማወቅና በልኩ መርጨት

ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ማሳውን በአንድ ሌሊት የወረረው ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከዋግ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቢጫ ዋግ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ ምልክቱ የሆነው ዱቄት ለዓይን እስኪታይ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። የመጀመሪያውን ቢጫ ቅጠል ሲያገኙ፣ አጠገቡ ያሉት ጤነኛ መሳዮች ቀድሞውኑ ተይዘው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ስንዴው ማጎንቆል ሲጀምር በሳምንት አንዴ፣ ጉምና ጤዛ ሲበዛ ደግሞ በየሦስት ቀኑ ማሳው ውስጥ ይግቡ። ዳር ዳሩን ማየት ብቻ አይበቃም። ከጥግ ወደ ጥግ ተሻግረው አሥር ቦታ ላይ ይቁሙና የታችኛውን ቅጠል ይዩ፣ በነጭ ጨርቅም ጠረግ ያድርጉት። ጨርቁን ዱቄት ከቀባው ዋግ ነው። ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ በቅጠሉ ርዝመት እንደ ስፌት ከተሰለፈ ቢጫ ዋግ ነው፤ ብርድና እርጥበት ይወዳል። ቡናማ ሆኖ ከተበታተነ የቅጠል ዋግ ነው። አገዳውን ቀዶ የወጣ የሸክላ ቀለም ያለው ከሆነ የግንድ ዋግ ነው፤ እሱ ሞቅ ሲል ይበረታል። ዱቄት የሌለው፣ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ያሉበት ቡናማ ቁስል ሴፕቶሪያ የሚባል ሌላ የቅጠል በሽታ ነው። ቅጠሉ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ጨርቁ ንጹሕ ከቀረ ግን ናይትሮጂን አንሶት ሊሆን ይችላልና በመድኃኒት ገንዘብ አያባክኑ።

ዋግ መሆኑን ካረጋገጡ አይቆዩ። ፍሬውን በዋናነት የሚመግበው ከዛላው በታች ያለው የመጨረሻው ቅጠል ነው፤ የሞተ ቅጠል ደግሞ ተረጭቶ አይድንም።

ቲልት 250 ኢሲ የሚባለው የዋግ መድኃኒት ለምሳሌ ለሄክታር ግማሽ ሊትር ነው፤ ሌላ መድኃኒት ከሆነ የዕቃውን ጽሑፍ ይከተሉ። ለሄክታር የሚረጨው ውሃ 200 ሊትር ከሆነ ለሩብ ሄክታር 125 ሚሊ ሊትር መድኃኒትና 50 ሊትር ውሃ ይደርሳል። ይህ በባለ 16 ሊትር ፓምፕ ሦስት ሙሌት ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ 42 ሚሊ ሊትር ያህል ይገባል። በቆርኪ አይለኩ፣ በስሪንጅ ይለኩ። አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ይሞክሩ፦ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ረጭተው ሲጨርሱ 2 ሊትር መሄድ አለበት። ውሃው ካነሰ እርምጃዎን ያዘግዩ፣ ከበዛ ያፍጥኑ። ለመቆጠብ ብሎ መጠኑን በግማሽ መቀነስ ዋጉን በደንብ አይገታውም።

ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ዝናብ የማይጠበቅበትን ሰዓት መርጠው ጓንት፣ ጭምብልና ቦቲ አድርገው ይርጩ። የአረም ማጥፊያ የነበረበት ፓምፕ በሳሙና በደንብ ካልታጠበ ቅሪቱ ሰብሉን ያቃጥላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው ይዩ፤ አዲሱ ቅጠል ላይ ትኩስ ዱቄት ካለ ይድገሙ። ሲደግሙ የሚሠራበት ንጥረ ነገር የተለየ መድኃኒት ቢሆን ይመረጣል። እስከ አጨዳ የሚጠበቀውን ቀን ከዕቃው ላይ ያንብቡ።

ከአጨዳ በኋላ ወፍ ዘራሹን፣ ማለትም ሳይዘራ ራሱ የበቀለውን ስንዴ በማረሻ ይገልብጡ። ዋግ በሕይወት ያለ ተክል ይፈልጋል፤ በተለይ በበልግም በመኸርም ስንዴ በሚዘራበት ባሌ፣ ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው የሚሻገረው በእሱ ላይ ነው። ዝርያም ይቀያይሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ሲጎዳ ብዙ ገበሬ ዲጋሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ፤ በ2013 ደግሞ አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲጋሉን መታው። ስለዚህ ማሳዎን በሙሉ በአንድ ዝርያ አይሸፍኑ፤ በየዓመቱ ዘር ከመግዛትዎ በፊትም የትኛው ዝርያ አሁንም ዋግን እንደሚቋቋም የግብርና ባለሙያዎን ይጠይቁ።