ሞተሩ ይጮኻል፣ ፒክአፑ አይሄድም፦ የሚንሸራተት አውቶማቲክ ካምቢዮ ችግርና መፍትሄ

ዳገት ላይ ናችሁ። ከኋላ ጭነት አለ። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ዙር ከ2,000 ወደ 3,500 ይዘላል። ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ትንሽ ቆይቶ ካምቢዮው ድንገት «ዱብ» ብሎ ይይዛል፣ መኪናውም ወደፊት ይወረወራል። ጋራዥ ውስጥ ይህን «ካምቢዮው ስሊፕ ያደርጋል» ይሉታል።

የኔ ፒክአፕ እንዲህ ሲያደርግ መጀመሪያ የሰማሁት «ካምቢዮው ይውረድ» የሚል ነበር። ሳይወርድ ተረፈ። ጥፋቱ ወደ ራዲያተር በሚሄደው የዘይት ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ነበር፤ እዚያች ጋ ዘይት ጠብ ጠብ ይል ነበር። ስለዚህ እባካችሁ ከቀላሉ ጀምሩ። ካምቢዮ ማውረድ የመጨረሻው ሥራ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልበል። ስሊፕ እያደረገ አትንዱት፣ ጭነትማ በፍጹም አትጫኑበት። ሲንሸራተት የውስጡ የፍሪሲዮን ሸራዎች፣ ማለትም ተጣብቀው ማርሹን የሚያስይዙት ዲስኮች፣ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። በዘይት ብቻ ይድን የነበረ ካምቢዮ በአንድ ረጅም ዳገት ሊያልቅ ይችላል።

በእርግጥ ካምቢዮው ነው?

ባዶ ፒክአፕ ኋላው ቀላል ነው። እርጥብ መንገድ ወይም ጠጠር ላይ ነዳጅ ሲበዛበት የኋላ ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ። ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ቁርጥ ስሊፕ ይመስላል። ለመለየት ዳሽቦርዱን እዩ። ጎማ ሲሽከረከር ዙሩም ፍጥነት መለኪያውም አብረው ይወጣሉ። ካምቢዮ ሲንሸራተት ዙሩ ብቻውን ይወጣል።

ነዳጅ ጠበቅ ሲደረግ ካምቢዮው ማርሽ መቀነሱም የጤና ነው። ዙሩ ዘሎ ወዲያው ጉልበት ከተገኘ ችግር የለም። ዙሩም ፍጥነቱም አልወጣ ካለ ደግሞ የደከመው ሞተሩ ሊሆን ይችላል፤ ፊልትሮውን፣ ነዳጁንና ካንዴላውን እዩ። ፎር ባይ ፎር ከሆነ የትራንስፈር ኬዙ፣ ማለትም ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ማንሻ በሁለት ቦታዎች መሀል አለመቆሙን አረጋግጡ። መሀል ላይ ከቆመ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይንቀሳቀስም።

መጀመሪያ ዘይቱ

አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ለማለስለስ ብቻ አይደለም። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፣ ግፊቱ የፍሪሲዮን ሸራዎቹን ጠቅጥቆ ያጣብቃል፣ ያኔ ማርሹ ይይዛል። ዘይት ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሸራዎቹ ይላላሉ። ዳገት ወይም ኩርባ ላይ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው የዘይት ማነስን ነው። መኪናው ሲያዘነብል ዘይቱ ከፓምፑ መሳቢያ ይሸሻልና።

የመለኪያ ዘንግ ካለው እንዲህ ይለካል። ሃያ ደቂቃ ያህል ንዱት፣ ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ ሞተሩን አታጥፉ። ፍሬን ረግጣችሁ ማርሹን በሁሉም ቦታ እያሳለፋችሁ ወደ ፒ መልሱት። ከዚያ ዘንጉን አውጥታችሁ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ክተቱ፣ አውጥታችሁ አንብቡ። አንዳንድ መኪናዎች በኤን ወይም ሞተር ጠፍቶ ይለካሉ፤ የመኪናውን መጽሐፍ ስሙ። ካነሰ ሩብ ሊትር ሩብ ሊትር እያላችሁ ጨምሩ። መብዛቱም ጥሩ አይደለም። የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን ይመቱታል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። በማነሱ የተንሸራተተው በመብዛቱም ይንሸራተታል።

ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ ፒክአፖች ከጎን ወይም ከሥር ባለ ብሎን ነው የሚለኩት፣ ያውም ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ። ሙቀቱን የሚያነብ ስካነር ከሌላችሁ ይህን ለባለሙያ ተዉት።

አሁን ዘንጉ ላይ ያለውን ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ብሩህ ቀይ ሆኖ በደንብ ከተሰራጨ ጤነኛ ነው። ቡናማ ከሆነ አርጅቷል። ጠቁሮ እንደ ተቃጠለ እንጀራ ከሸተተና ጠብታው መሀል ላይ ጥቁር ብናኝ ከቀረ፣ ያ ብናኝ የፍሪሲዮን ሸራው ራሱ ነው። ወተት የተቀላቀለበት ሮዝ ከሆነ ግን ሞተሩን መልሳችሁ አታስነሱት። የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል። በብዙ መኪናዎች የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ ነው። እሷ ስትቀደድ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ፣ ውሃው ሸራዎቹን ከብረቱ ጋር የያዘውን ሙጫ ይለቀዋል። ራዲያተሩን ቀይሮ ዘይቱን ደጋግሞ ማጠብ የሚያድነው ቶሎ ሲደረስበት ብቻ ነው።

ዘይቱ ካነሰ የሆነ ቦታ ሄዷል። ካምቢዮ ዘይት አይበላም። ማታ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት ጠብታው የት እንዳረፈ እዩ። ከመሀል ከሆነ የኮፓው፣ ማለትም ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ጋስኬት ነው። ከኋላ፣ ካርዳኑ ከሚገባበት ከሆነ ኦይል ሲሉ ነው። ከፊት፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ከሆነ የፓምፑ ሲል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ቱቦዎቹን በእጅ ዳብሱ። የኔው የተገኘው እንዲህ ነው፤ ከላይ አቧራ የለበሰ ቱቦ፣ መጋጠሚያው ላይ ግን ጣት የምታህል እርጥብ ቀይ ቦታ። ሁለት ቁልፍና አዲስ ኦሪንግ ጨረሰው።

ዘይቱ ልክ ሆኖ ስሊፕ የጀመረው ከተቀየረ በኋላ ከሆነ የተሞላው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ዴክስሮን፣ መርኮን፣ የቶዮታ ደብሊው ኤስ፣ የክራይስለር ኤ ቲ ኤፍ ፕላስ 4 የሚባሉት የካምቢዮ ዘይት ዓይነቶች አንድ አይደሉም። ለሁሉም ይሆናል የሚል ጣሳ ቢኖርም እኔ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው አልወጣም።

መቼ ነው የሚንሸራተተው?

ዘይቱ ደህና ከሆነ ማስታወሻ ያዙ። ስንተኛ ማርሽ ላይ? ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲግል? ይህ ለሜካኒኩ ከማንኛውም ወሬ ይጠቅመዋል።

ጠዋት ተንሸራቶ ሲሞቅ ከተሻለው፣ የውስጥ የጎማ ማገጃዎች ደርቀው ይሆናል። ሲሞቁ ለስለስ ብለው ግፊት ይይዛሉ። ጊዜ ይገዛሉ እንጂ አይድኑም። በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲግል የሚንሸራተት ከሆነ፣ ዘይቱ ሲቀጥን ግፊቱ በውስጥ እየሾለከ ነው፤ ፓምፑ፣ ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ወይም ሸራዎቹ ተበልተዋል ማለት ነው። ከማፍረስ በፊት ግፊቱ በጌጅ ይለካ። በሁሉም ማርሽ ግፊት ካነሰ ጥፋቱ ፓምፑ፣ የተደፈነ ፊልትሮ ወይም ግፊት የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ ነው። ግፊቱ ልክ ሆኖ አንድ ማርሽ ብቻ ካልያዘ የዚያ ማርሽ ሸራ ነው።

ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለስላሳ ስትነዱ መኪናው የተቦረቦረ አስፋልት ላይ እንደሚሄድ ከተንቀጠቀጠ ቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ማለትም ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ክፍል፣ ጠርጥሩ። ውስጡ ያለው መቆለፊያ ለመያዝ ይታገላል። ከኋላችሁ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ፣ ነዳጁን ሳትለቁ በግራ እግር ፍሬኑን መብራቱ እስኪበራ ያህል ብቻ ንኩት። መቆለፊያው ይለቃል። መንቀጥቀጡ ወዲያው ከቆመ አግኝታችሁታል። ትክክለኛውን ዘይት መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የቆዩ ፒክአፖች ደግሞ የራሳቸው ነገር አላቸው። እንደ ጂ ኤም 700 አር 4 ያሉት ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮ የሚሄድ ሽቦ አላቸው። ሽቦው ከላላ ካምቢዮው ጭነቱን አያውቅም፣ ግፊት አይጨምርም፣ ቶሎ ይቃጠላል። ማስተካከሉ ግን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በቫኪዩም ቱቦ የሚሠሩትን ቱቦውን ንቀሉና ውስጡን እዩ። ቀይ ዘይት ካለ ሞጁሌተሩ፣ ማለትም ቱቦው የሚገባበት የካምቢዮ ክፍል፣ ተቀዷል።

ኤሌክትሪኩን አትርሱ

የሞተር መብራት ከበራ ስካነር ይሰካ። ፒ 0700 ብቻውን ምንም አይነግርም፤ «የካምቢዮ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮድ አለ» ማለቱ ነው። ከፒ 0731 እስከ ፒ 0735 ያሉት ከአንደኛ እስከ አምስተኛ የትኛው ማርሽ እንዳልያዘ ይጠቁማሉ። ፒ 0741 የቶርክ ኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። ኮድ ግን የት እንደታመመ እንጂ ምን እንደታመመ አይናገርም። የሶሌኖይድ (ዘይቱን በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ኮድ ወጣ ተብሎ ሶሌኖይድ ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ንቀሉና ዘይት ወይም ዝገት ካለው አጽዱ፣ ሬዚስታንሱን በመልቲሜትር ለኩ።

ኮፓው ሲወርድ

ኮፓው ውስጥ ማግኔት አለ። ላዩ ላይ ግራጫ ለስላሳ ጭቃ ቢኖር አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው። የብረት ስንጣሪ፣ የነሐስ ቢጫ ፍርፋሪ ወይም ወፍራም ጥቁር ክምችት ካለ ግን ዘይትና ፊልትሮ መቀየር አያድነውም።

«የቆየ ካምቢዮ ዘይቱ ከተቀየረ ይሞታል» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። እኔ እንደማየው አዲሱ ዘይት ገዳይ አይደለም። ካምቢዮው ቀድሞውኑ አልቆ፣ አሮጌው ዘይት ውስጥ በሚዋኘው የሸራ ብናኝ ተይዞ ነበር። ስሊፕ የማያደርገውን ቀይሩለት። ኮፓ ሲወርድ ግማሽ ያህሉ ወይም ያነሰው ነው የሚወጣው፣ ሌላው ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በማሽን በግፊት ከማጠብ ጥቂት ነድቶ እንደገና መድገም እመርጣለሁ።

ካምቢዮው ወርዶ ከታደሰ ደግሞ ሜካኒኩን ሁለት ነገር ጠይቁት። ቶርክ ኮንቨርተሩ ተቀይሯል? የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹስ ታጥበዋል ወይስ ተቀይረዋል? አሮጌው ብናኝ እዚያ ተደብቆ ይቀራል። አዲሱ ካምቢዮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣለት ያ ቆሻሻ ነው።